ሸክላ ከነሽፋኑ

ሰው የማይሰበስበው ነገር የለም። ቴምብር የሚሰበስብ አለ፤ የድሮ ሳንቲም፣ የክብሪት ቀፎ፣ የጠርሙስ ቆርኪ የሚሰበስብም አለ። አሜሪካን አገር ደግሞ አሻንጉሊት የሚሰበስቡ፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ የልጅ ልጅ ያዩ ሰዎች ሞልተዋል። አሻንጉሊት ስላችሁ ዓይኗን ከደን ከፈት የምታደርገውን የጎማ ሕፃን እንዳታስቡ። ሐስብሮ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1964 «ጂ. አይ. ጆ» ብሎ ገበያ ያወጣውን ወታደርና መሰሎቹን ማለቴ ነው። ኩባንያው «ወንድ ልጅ በአሻንጉሊት አይጫወትም» የሚለውን የአባቶች ተግሣጽ ስለፈራ፣ አሻንጉሊት የምትለዋን ቃል እርግፍ አድርጎ ትቶ «አክሽን ፊገር» የሚል ስም አወጣለት። እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ ደግሞ ኬነር የተባለው ኩባንያ «ስታር ዋርስ» በተሰኘው ፊልም ውስጥ ያሉትን ሰዎችና ፍጡራን በጣት ቁመት እየሠራ በሚሊዮን ቸበቸበ።

የሰብሳቢዎቹ ሕግ ታዲያ አንድ ነው፤ እሽጉ አይከፈት! ያው አሻንጉሊት፣ ያው ፋብሪካ፣ ያው ዓመት ሆኖ፣ ልጅ ከፍቶ የተጫወተበት የምሳ ዋጋ ሲያወጣ ከነማሸጊያው የተቀመጠው የወር ደሞዝ ያወጣል። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2024 አሜሪካ ውስጥ በጨረታ 525 ሺህ ዶላር የተሸጠው «ቦባ ፌት» ጭራሹኑ ገበያ ወጥቶ አያውቅም። ከጀርባው ሮኬት እንዲያስወነጭፍ ታስቦ ተሠራና፣ ሮኬቷ ልጅ ታንቃለች ተብሎ ተሰርዞ የቀረ የሙከራ ናሙና ነው። በዓለም ላይ ውድ ከሚባሉት አሻንጉሊቶች አንዱ ማንም ልጅ ያልተጫወተበት ነው ቢሉኝ ድሮ ቀልድ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ያ ሕግ ዲላ ድረስ መጥቶ አክስቴ ቤት ሲሠራ አይቼዋለሁ። የእኛ ነገር አሻንጉሊት ሳይሆን ሸክላ ነው።

ዛሬ ሸክላ ሲባል ጀበናና ምጣድ የሚመጣለት ወጣት ብዙ ስለሆነ ነገሩን ከሥሩ ላንሳው። ኢትዮጵያዊ ድምፅ በሸክላ መቀረጽ የጀመረው ጥንት ነው፤ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ጀርመን አገር ሄደው ዘፍነዋል። አገር ውስጥ ግን ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣ የንጉሠ ነገሥት ድንጋጌ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። ማኅበሩ መብቱን ይዞ ተቀመጠ እንጂ ብዙም አልሠራበትም። እ.ኤ.አ. በ1969 አምኃ እሸቴ የሚባል፣ በሃያዎቹ ዕድሜ የነበረ የሙዚቃ ቤት ባለቤት ድንጋጌውን እያወቀ አለማየሁ እሸቴን አስዘፈነና ሸክላውን ሕንድ አገር አሳትሞ አመጣ። የመጀመሪያዪቱ ሸክላ «ትማርኪያለሽ» ያለችባት ናት። አምኃ አልታሰረም፤ ይልቁንስ ሌሎችን አስከተለ። አምኃ ሬከርድስ እስከ እ.ኤ.አ. 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ባለሁለት ዘፈን ሸክላዎችና አሥራ ሁለት ያህል ትልልቅ ሸክላዎች አወጣ። ፊሊፕስ ነበረ። በቅጽል ስሙ አሊ ታንጎ የሚባለው አሊ አብደላ ካይፋም እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በካይፋ ሬከርድስ ስም ገባበት። ሁሉም ተደምሮ አሥር ዓመት የሞላ ዘመን አይደለም። አብዮቱ መጣ፣ ሰዓት እላፊ መጣ፣ ካሴት መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ገደማ የሸክላ ነገር አበቃ። የእነዚያ ዓመታት ትንንሽ ሸክላዎች ተቆጥረው አምስት መቶ ያህል ብቻ ናቸው።

አምስት መቶ! ይህ ቁጥር ለሰብሳቢ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ሊጨርሰው የሚችለው ቁጥር ነው።

አክስቴ ዲላ ላይ ቡና ቤት የከፈቱት በ1963 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ ዲላ በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበረች። እኛ የወንድም ልጆች ሁሉ እትዬ ነው የምንላቸው፤ ለነገሩ ደንበኛውም እትዬ ነበር የሚላቸው። ቤቱ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር ነበር። ከጥቅምት እስከ ጥር ቡናው ሲለቀም፣ ሲታጠብ፣ ሲጫን፣ ሾፌሩም ረዳቱም ነጋዴውም ኪሱ ሞልቶ የሚያድርበት ከተማ ነው ዲላ። ታዲያ ያ ሁሉ ሰው ማታ ማታ የት ይሂድ? እትዬ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ፒክአፕ ገዙ። ሸክላውን አዲስ አበባ ለሚመላለሱ ሾፌሮች እየላኩ ያስመጡ ነበር፤ ሾፌሮቹም ከወንበራቸው ጀርባ በጋቢ ጠቅልለው ያመጡላቸዋል። አንዳንዴ ከሞያሌ ጠራራ ፀሐይ ደርሶ የተመለሰ ሸክላ እንደ እንጀራ ጠርዝ ተቆልምሞ ይመጣ ነበር አሉ።

ሸክላው ቡና ቤት ከገባ በኋላ የሚገጥመውን ለመናገር ብዙ ምናብ አያስፈልግም። ቢራ ይፈስበታል። የሲጋራ አመድ ይወርድበታል። የጠጣ ሰው «እስቲ እሷኑ ድገሚልኝ» ብሎ ራሱ ተነስቶ መርፌውን ይጎትታል። እትዬ እንደሚሉት የብዙነሽ በቀለን አንዲት ሸክላ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ሌሊቱን ሙሉ አስደግሞ ነግቶበት ሄዷል። ሽፋኑስ? የዘፋኙ ፎቶግራፍ ያለበትን የወረቀት ሽፋን እትዬ በዱቄት ሙጫ ከባንኮኒው ጀርባ ያለው የጭቃ ግድግዳ ላይ ለጠፉት። ጥላሁን ገሠሠ በአንድ ወገን፣ ማሕሙድ አሕመድ በሌላው ወገን፣ መካከል ላይ የቢራ መደርደሪያው። በየዓመቱ ለመስቀል ግድግዳው ሲቀባ መጀመሪያ ዙሪያቸውን እየዘለሉ ይቀቡ ነበር፤ በኋላ ፎቶግራፉ ሲደበዝዝ በላዩ ቀቡት። ዛሬም እዚያው ናቸው፤ ከስንት ድርብርብ ቀለም ሥር።

ያልተለጠፉትም ቢሆኑ ሥራ አልፈቱም። ሽፋን ማለት ከሁሉ በፊት ወረቀት ነው። ቡና ቤቶቹ ሸክላ ይዋዋሱ ስለነበር እትዬ ሽፋኑ ላይ በእስክርቢቶ «ይህ ሸክላ የእኔ ነው፤ የተዋሰ ይመልስ» እያሉ ጽፈዋል። ከዚያም አልፎ ደብተር ሲያልቅ የዱቤ መመዝገቢያ ሆኗል። ያኔ እሳቸውን ያግዝ የነበረው ታናሽ ወንድማቸው፣ ማለትም አባቴ፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ተማሪ ሆኖ ማታ ማታ ዱቤ ይመዘግብ ነበር። የአለማየሁ እሸቴ ምስል ባለበት አንድ ሽፋን ጀርባ ላይ ከላይ እስከ ታች የእሱ እጅ ጽሑፍ ነው። ስም፣ ቀን፣ «2 ቢራ»፣ «1 አረቄ»፣ «ከፍሏል»፣ «አልከፈለም»። የ«ፈ» እግሯን ረዘም አድርጎ ይጥላት ነበር፤ እስኪሞት ድረስ እንዲያው ነበር የሚጽፋት።

ሰብሳቢው የመጣው ባለፈው ክረምት ማግሥት ነው። እትዬ አሁን ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ቡና ቤቱ ከተዘጋ ቆየ፤ የሚኖሩት ከጓሮ ባሉት ሦስት የኪራይ ክፍሎች ገቢ ነው። በዚያ ክረምት የሁለቱ ክፍል ግድግዳ በዝናብ ተንዶ ተከራዮቹ ወጡ። ለቤተሰቡ ወሬ ሲደርስ ከመካከላችን አንዱ «እትዬ ያ የሸክላ ሣጥን አለሽ አይደል?» አላቸው፤ እሱ የልጅነት አመሉን ስላልተወ አንቺ ነው የሚላቸው። ከዚያ ሰው ለሰው ተባብሎ ከአዲስ አበባ አንድ ወጣት መጣ። ውጭ አገር ላሉ ገዢዎች የሚያፈላልግ ነው። ትሑት፣ ንግግሩ የተቆጠበ ልጅ ነው፤ ክፉ ሰው አድርጌ ላቀርበው አልፈልግም።

«ሸክላ ሰብሳቢ መጥቷል» ብዬ ስነግራቸው እትዬ አልገባቸውም። ዲላ ውስጥ ሰብሳቢ ማለት ሌላ ነው። በድሮው የቡና ንግድ ቋንቋ ሰብሳቢ ከገበሬው ቡና ገዝቶ ለአቅራቢ የሚያስረክብ ነጋዴ ነው፤ አቅራቢው ደግሞ ወደ አዲስ አበባ ይልካል። «ታዲያ የዚህኛው አቅራቢ ማነው?» አሉ። እኔ የሳቅሁት ብቻዬን ነው፤ ልጁ ጥያቄውን እንደ ሙሉ ጥያቄ ወስዶ አውሮፓ ስላሉት ገዢዎች አስረዳቸው።

ያስረዳውም ነገር እውነት ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እነዚያን ሸክላዎች አሳዶ «ኤትዮፒክ» በሚል ስም ከእ.ኤ.አ. 1997 ጀምሮ በተከታታይ ማሳተም ባይጀምር ኖሮ ዛሬ ስለ ሸክላ የሚጠይቅ የውጭ ሰው አይኖርም ነበር። ከዚያ ጂም ጃርሙሽ እ.ኤ.አ. በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው ፊልሙ የሙላቱ አስታጥቄን ዜማዎች አስገባ፤ ዓለም አበደ። ዳግመኛ የታተመውን ማንም ይገዛዋል። ሰብሳቢ የሚባለው ፍጡር ግን የሚፈልገው የመጀመሪያውን፣ የዚያን ዘመኑን ነው፤ ለዚያውም ከነሽፋኑ። ዘፈኑ አንድ ዓይነት መሆኑን ያውቃል። እንዲያውም አዲሱ ሕትመት ጥርት ብሎ ይሰማል። ነገሩ ስለ ዘፈን አይደለም ማለት ነው፤ ወይም ስለ ዘፈን ብቻ አይደለም።

እትዬ ሽፋን ሽፋን ሲባል ሰምተው «እንዴ! እንደ ጀንፈል ከነገለፈቱ ነው የሚፈልገው?» አሉ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ከየትም አላገኘሁም። ጀንፈል በቤቱ ያስቀመጠ የጌዴኦ ገበሬ ባንክ አለኝ ብሎ ነው የሚተኛው፤ ቡናው ከነገለፈቱ ሲደርቅ ይከርማል፣ ቸግሮት የሸጠው ዕለት ይፈለፈላል። ልዩነቱ ጀንፈል መጨረሻው መፈልፈልና መቆላት መሆኑ ነው። የሰብሳቢ ጀንፈል ለዘላለም አይፈለፈልም።

ልጁ ሥራውን ጀመረ። ሰማንያ ያህል ሸክላዎች ነበሩ፤ ሽፋን ያላቸው አሥራ አንድ። እያንዳንዱን በመስኮቱ ብርሃን አጋድሞ ያያል፣ በጣቱ ጫፍ ዳርና ዳሩን ብቻ ይይዛል፣ ለሸክላው አንድ ማርክ፣ ለሽፋኑ ሌላ ማርክ ይሰጣል። ምንም ያልነካው «ሚንት» ይባላል። ከዚያ በታች ያለው እንደ ፈተና ውጤት እየወረደ ይሄዳል። የብዙነሽ ሸክላ፣ ያች ሌሊቱን ሙሉ የተደገመችው፣ ወደቀች። የጥላሁን ወደቁ። የማሕሙድ አንዷ ተሰንጥቃ ነበር። እትዬ የሚወዷቸው፣ ደንበኛ የሚያለቅስባቸው፣ ስማቸውን ሲጠሩ ፊታቸው የሚበራላቸው ሁሉ አንድ በአንድ ወደ ግራ በኩል ተቆለሉ። ግራው የማይፈለግ ነው።

ወደ መጨረሻው ላይ ልጁ ትንፋሹን ዋጠ። ሙላቱ ያቀናበራቸው፣ ቃል የሌላቸው ዜማዎች ያሉባቸው ሁለት ሸክላዎች ናቸው፤ ሽፋናቸው ላይ ጽሑፍ የለም፣ መርፌ የነካቸውም አይመስሉም። ለሁለቱ የሰጠው ዋጋ አንዱን ክፍል ከመሠረቱ ያስነሳል። እትዬ በጣም ሳቁ። «እነዚህን እኮ ማንም ጠይቋቸው አያውቅም!» አሉ። «አንድ ቀን አስገብቼያቸው ‹ዘፋኙ ታሟል ወይ?› ብለው ጮኹብኝ፤ ከዚያ ወዲያ አላወጣኋቸውም።»

ሥራዬ ጽሑፍ ስለሆነ ነገር ማመላለስ ልማዴ ነው፤ ይህን ነገር ግን እስካሁን ከጭንቅላቴ ማውጣት አልቻልኩም። ንጹሕ ሆኖ የተገኘው ያልተወደደው ነው። ብዙ ሰው የወደደው ደግሞ በመወደዱ ብዛት አልቆ ዋጋ ቢስ ሆነ። አሜሪካም ያው ነው፤ ዛሬ ከነእሽጉ የሚሸጠው አሻንጉሊት በጊዜው ገዢ ያጣ፣ መጋዘን የቀረ፣ ወይም ለልጅ ሳይሰጥ የተረሳ ነው። ገዢዎቹ ይህን ሳያውቁት ቀርተው አይመስለኝም። ደግሞም የሙላቱ ሥራ ድንቅ ነው፤ ዲላ ላይ በ1960ዎቹ ያልገባን ስለሆነ ብቻ ዋጋው ይቀንስ የሚል ሰው አልወጣኝም። ሳይሰበሰቡ የቀሩት ምን እንደሆኑም አይቻለሁ፤ ሸክላ በእሳት አለስልሰው የአበባ ማስቀመጫ ያደረጉ ጎረቤቶች ነበሩን። ስለዚህ ሰብሳቢን መውቀስ ቀላል ነው፣ ግን ትክክል አይደለም።

እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ የጌዴኦን መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ እንሰቱን፣ ቡናውንና የጥላ ዛፉን፣ የተከበሩትን ደኖች፣ ትክል ድንጋዮቹንም አንድ ላይ ነው የመዘገበው። ድንጋዩን ነቅሎ ሙዚየም ቢወስዱት ድንጋይነቱ አይቀርም፤ ማን እንደተከለው፣ በማን ማሳ አጠገብ እንደቆመ ግን አብሮት አይሄድም። የድንጋዩ ሽፋን ቦታው ነው ልበል? የእትዬ ሸክላዎች ሽፋንስ የቱ ነው? ፋብሪካው ያለበሳቸው ወረቀት ነው ወይስ ያ የጭቃ ግድግዳ?

ነገሩ የከረረው በአለማየሁ ሽፋን ላይ ነው። ውስጡ ያለችው ሸክላ የተቦጫጨረች ናት፤ ልጁ ወደ ግራ ወረወራት ማለት ይቻላል። ሽፋኗን ግን አገላብጦ አገላብጦ አየና ከቀኝ በኩል አስቀመጣት። ግራ ገብቶኝ ጠየቅሁት። ሌላ ቦታ ሽፋን የሌላት ንጹሕ ሸክላ አለች፤ ሁለቱ ሲጋቡ አንድ ሙሉ ይሆናሉ አለኝ። ጋብቻ ነው የሚሉት እነሱም። ዋጋው ጥሩ ነው። «ጽሑፉ ባይኖር ደግሞ እጥፍ ነበር፤ ግን ግድ የለም፣ እስክርቢቶ የሚያስለቅቁ ባለሙያዎች አሉ።»

እትዬ መነጽራቸውን አስፈልገው ሽፋኑን ተቀበሉት። እኔ ዝም አልኩ። ሽፋኑ የእሳቸው ነው፣ የተናደውም ግድግዳ የእሳቸው ነው፤ የአባቴ እጅ ጽሑፍ ነውና አትሽጡ ብል በምን ገንዘብ ግድግዳውን ላቆምላቸው ነው? የማስታወቂያ ጽሑፍ ከሚያዘገይ ቢሮ የሦስት ወር ክፍያዬን እየጠበቅሁ ነበር።

እትዬ ቁልቁል አነበቡ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ቀና ብለው ልጁን አዩትና «ይፋቃል ነው ያልከው?» አሉት።

«አዎ እማማ፤ ምንም ምልክት አይተውም።»

«ዕዳው ሳይከፈል ነው የሚፋቀው?»

ልጁ የቀለዱ መስሎት ፈገግ አለ። አልቀለዱም። «እዚህ ላይ ያልከፈሉ ሰባት ሰዎች አሉ። ሦስቱ ሞተዋል፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ ትቼላቸዋለሁ። አራቱ አልሞቱም» አሉና ሽፋኑን ከነተቦጫጨረችው ሸክላ ወደ ጉያቸው ወሰዱት። ልጁ ዋጋ ጨመረ። እንደገና ጨመረ። የሁለተኛው ጭማሪ የበር ዋጋ ነበር፤ በልቤ አሰብኩት። እትዬ ግን ቡና አቀረቡለት። በእሳቸው ቤት ቡና ከቀረበ ንግዱ አልቋል ማለት ነው።

ሁለቱን የሙላቱንና ሌሎች አምስት ሸክላዎችን ገዝቶ፣ ብሩን እዚያው ቆጥሮ ሄደ። እያንዳንዷን አዲስ ፕላስቲክ አልብሶ፣ በሁለት ካርቶን መካከል አድርጎ ነው የወሰዳቸው። ከመሄዱ በፊት የድሮውን ቡና ቤት ግድግዳ በእጁ ዳበስ ዳበስ አድርጎ «ስንት ድርብ ቀለም ይሆናል?» ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት፤ እውነትም አላውቅም።

ክፍሎቹ ከበዓለ ጥምቀት በፊት ቆሙ። በብሎኬት። የግራው ቁልል ወደ ሣጥኑ ተመልሷል፤ ፒክአፑ መርፌ ስለሌለው መርካቶ ሳፈላልግ ሰነበትኩ፣ የሚሆን ሲገኝ ደግሞ ባትሪ ማስገቢያው ዝጎ ነበር። እትዬ አልቸኮሉም። ሽፋኑን ራስጌያቸው ካለው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ሊከቱት ሞክረው አልገባ ስላላቸው ከፍራሽ ሥር አድርገውታል።

ባለፈው ስሄድ አውጥተው አስነበቡኝ። የአባቴን ጽሑፍ በጣቴ እየተከተልኩ አነብላቸዋለሁ፤ እሳቸው ማን እንደሆነ፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ በምን መኪና ይመጣ እንደነበር ይነግሩኛል። ከአራቱ አንደኛው ዘንድ ስንደርስ አስቆሙኝ። አራት ብር ከሃምሳ ሳንቲም። ልጁ ዛሬ ይርጋ ጨፌ ላይ ትልቅ የቡና ነጋዴ ነው አሉ።

«እሑድ ለሠርግ ይመጣል ብለውኛል። እጠይቀዋለሁ።»